ጨው የቆለፍኩበት ጥቅምት

ጥቅምት 4
ጋሽ ኦልጅራ ከሆስፒታል ወጡ። የጎረቤቴ የለሊሴ ባል። ማክሰኞ ላሞቹን ሲያስገቡ ዞሮባቸው በረቱ በር ላይ ወደቁ… ደም ግፊት ነው አሉ። ልጆቻቸው ሁሉ ከየሥራቸው ተጠርተው መጥተዋል። ሙዝ ይዘን ጠየቅናቸው። ስንመለስ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለን የኔውን ሰው በኃይሉን ባስለካው… 160 በ100። ነርሷ "እናቴ፣ ጨው ይቀነስ" አለችኝ። መቀነስ ምን ያደርጋል? ገና ልጅ ሳንድር ልቀብረው ነው? የጨዉን ጣሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ጥቅምት 6
ድንች አልጫ ያለ ጨው። አንዴ ጎረሰና ቀና ብሎ አየኝ።
"ብርነሽ፣ ተጣልተናል እንዴ?"

ጥቅምት 9
ጋሽ ኦልጅራ "ሰላም ልበላችሁ ብዬ" ብለው ልክ በምሳ ሰዓት መጡ። በኃይሉ ደግሞ "ታማሚ ልጠይቅ" ብሎ እነሱ ጋ ሄዷል። ለሊሴ ደወለች።
"እትዬ፣ ባልሽ እዚህ እየበላ ነው።"
"ያንቺም እዚህ ናቸው።"
"ጨው አለሽ እንዴ?"
"የለኝም። አንቺስ?"
"እኔም ቆልፌያለሁ እኮ።"
የሰው ቤት ይሻላል ብለው ነው… ይሉኝታ ይዟቸው ሁለቱም ሳህኑን ጨረሱ። በኃይሉማ ለሊሴን "እጅሽ ይጣፍጣል" ብሏታል። ለኔ በሃያ ስድስት ዓመት አንዴ ብሎኝ ያውቃል?

ጥቅምት 10
ከለሊሴ ጋር መከርን። ጨው ከቀረ አፋቸውን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ቀይ ወጥ ይሁን፣ በርበሬውም እጥፍ።

ጥቅምት 17
ሠራ። በኃይሉ ሳህኑን ጠርጎ "ምላሴ ጨው ረሳ" አለኝ። እሁድ የዕድር ሴቶችን በሙሉ ዘዴውን አስተማርኳቸው።

ጥቅምት 25
በኃይሉ 170። እኔንም ለካችኝ… 150። ነርሷ "ጨው አልተዋችሁም" አለች። በገብርኤል ምዬ ካድኩ። ቤት ስንገባ የበኃይሉን ኪስ ፈተሽኩ። መሃረብ ብቻ። "ጫማዬስ ይቅር?" ብሎ አንዱን አወለቀልኝ። ጋሽ ኦልጅራም ጨምሮባቸዋል። ለሊሴ ፍራሻቸውን ሳይቀር ገልብጣለች።

ማታ ሽንኩርት ላቁላላ የበርበሬውን ዕቃ ስከፍት ትዝ አለኝ። ግንቦት ላይ ከለሊሴ ጋር በርበሬውን ስናዘጋጅ፣ እንዳይነቅዝ ብሎ ጨዉን የጨመረበት ማን ነበር? እኔ። በገዛ እጄ። ከድስቱ የከለከልኩትን በበርበሬው እጥፍ ሳበላው…
ለበኃይሉ ነገርኩት። እጁን ዘረጋ።
"ቁልፉን።"

ኅዳር 20
ሀይሌ ጋርመንት ጋ ወፍጮ ቤት ሄደን ያለ ጨው አዲስ በርበሬ አስፈጨን። አሮጌው ከጨዉ ጋር ተቆልፏል። በኃይሉ 140 ገባ። አልጫውንም ሳያጉረመርም ይበላል። ያለ ጨው መብላት ያቃተው እኔን ነው… ለዕድር ሴቶችስ በየትኛው አፌ ልንገራቸው?
በምሳ ሰዓት ለሊሴ መጣች። የሷንም ቁልፍ ጋሽ ኦልጅራ ወስደውታል። በሩን ገርበብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።
"እትዬ፣" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ሄደን የምንጠይቀው ታማሚ የለም?"