ሁለተኛው ብርጭቆ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? ደብዳቤሽ ከቀረ ወራት አለፉ። ባልሽ፣ ልጆችሽ ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ልጻፍልህ ቢለኝ እጄ አልተቆረጠም ብዬ አባረርኩት። ፊደሉ ቢንጋደድ ቻይው።

እዚያው ቢራ ፋብሪካ ነኝ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሆፕ የሚሉትን መራራ አበባ በመዳፌ አሽቼ፣ በአፍንጫዬ የሚሻለውን መለየት ነው። ዘንድሮ ሦስት ዓይነት መጣ። አንዱ የሎሚ ልጣጭ፣ አንዱ እርጥብ ሣር ይሸታል አሉ። የሦስተኛውን ሽታ ማንም መናገር አቃተው። እኔማ ከጉንፋኑ ወዲህ አፍንጫዬ ከድቶኛል። ጠማቂው፣ አባባ አፍንጫዎ ጡረታ ወጥቷል፣ እርስዎም ይከተሉት አለኝ። አንተ ትቀድመኛለህ አልኩት።

ከሦስቱም የተጠመቀውን ቤት ወስጄ፣ በሦስት ብርጭቆ ቀድቼ፣ ጸጉሬን ልስተካከል ወጣሁ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቻለሁ። ስመለስ የሦስተኛው ሆፕ ቢራ ተጠጥቷል። ብርጭቆው ተለቅልቆ ጨርቅ ላይ ተደፍቷል፣ ልክ እንደ እናትሽ አደራረግ። እሷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ብርጭቆ የሚደፋ የለም፤ እኔን ታውቂኛለሽ። ድሮም አብረን ስንቀምስ የምትጨርሰው የወደደችውን ብቻ ነበር። የሚሻለው ሦስተኛው ነው አልኩት ጠማቂውን። የቀመሰው ሁሉ፣ ጠማቂውም ጭምር፣ ተስማማ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቢራ በተጠመቀ ቁጥር ቀድቼ እወጣለሁ። አርጅቶ ጃጀ እንዳልባል ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አልፈራሁም፤ እንዲያውም ቤቱ ሞቀኝ።

ባለፈው እሑድ ግን ሁለት ብርጭቆ ተነክቶ አገኘሁ። አንዱ እንደ ልማዷ ተደፍቷል። ሁለተኛው እንደቆመ ነው፤ ሥሩ ላይ አንድ ጉንጭ ቀርቶበታል። ወንበርሽም ተስቧል። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የሰጡሽን ሁሉ አንድ ጉንጭ ሳታስቀሪ ተነስተሽ አታውቂም፤ እናትሽ በዚህ ስንቴ ተቆጥታሻለች። የቀረውን ልደፋው ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ እስካሁን እዚያው ነው።

ሥራውን ትቻለሁ። ጠማቂው ደጅ ድረስ መጥቶ ቢለምነኝም አልተመለስኩም። ሁለተኛ በዚህ ቤት ቢራ አልቀዳም፤ ብቀዳ እንደ እናትሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። አማትሽን ወገብዎ እንዴት ነው ብሏል በያቸው። ትልቁን ልጅሽን፣ መንታዎቹንም ሳሚልኝ። ባልሽ ግን በአንቺ ስም እንዳይጽፍልኝ፤ እሱ ጽሕፈቱ ያምራል። እኔ የምፈልገው ዶሮ የጫረው የሚመስለውን የአንቺን ነው። አንድ መስመር ይበቃኛል።

አባትሽ
ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከቤታችን
ኅዳር ፱ ቀን