ዳቦ ቤቱ የህብረት ነው

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አሜን።

ዛሬ ቅዳሜ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ወላይታ ሶዶ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ተቀምጬ፣ እኔ ሶርሳ ቦልቴ የመጨረሻ ፈቃዴን በአራት ምስክሮች ፊት በቃሌ አስጽፋለሁ። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል ብሎኛል፤ እውነቱን ነው፣ ከአልጋዬ እስከ በሩ ስሄድ መቀመጥ ያምረኛል። አእምሮዬ ግን አልደከመም። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ሊያስተወኝ የሞከረ ግን አለ። እሱም ልጄ ጌታነህ ሲሆን አሁን ከምስክሮቹ ጀርባ ተቀምጦ ያዳምጣል። የጠራሁት እኔ ነኝ። ከሞትኩ በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ከእኔው ይስማው።

የተወለድኩት በኦፋ፣ ከገሱባ ወጣ ብሎ ከሚገኝ ቀበሌ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር። ሶዶ የገባሁት ጢሜ ሳይበቅል ሲሆን በሰው ዳቦ ቤት ተቀጥሬ ሊጥ አቦካ ነበር። ባለቤቴን ወይዘሮ ፈጠነችን ካገባሁ በኋላ ሁለታችን የራሳችንን ምድጃ ሠራን። የመጀመሪያው ዳቦ ከላይ አርሮ ከውስጥ ሊጥ ሆኖ ወጣ። ፈጠነች ቆማ አለቀሰች። በማግስቱ ምድጃውን አፍርሰን እንደገና ሠራነው። ልጆቻችን ባሮክ፣ ጌታነህና አገርነሽ በዚያ ዳቦ ቤት አድገው፣ ተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል። እመቤታችን የለመንኳትን አላስቀረችብኝምና፣ በየወሩ በሃያ አንድ በቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ለተቀመጡ ነዳያን ዳቦ እልካለሁ። ዱቄት በጠፋበት ዘመን እንኳ ለቤታችን እየቀነስን ይህን አላጓደልንም።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ እገባለሁ።

አንደኛ፣ ስሞት በልጄ በባሮክ መቃብር አጠገብ ቅበሩኝ። የእድሩ ድንኳን ይበቃኛል። ለተዝካሬ ትልቅ ድግስ አትደግሱ፤ ሰው ስለ እኔ የሚያወራው ሥጋው አነሰ በዛ እያለ እንዲሆን አልፈልግም።

ሁለተኛ፣ ይህ የምንኖርበት ቤት ግማሹ ቀድሞም የፈጠነች ነው፤ የእኔንም ግማሽ ለእሷ ሰጥቻለሁ። በሕይወት እስካለች ድረስ ማንም ልጅ ክፍል ልከፋፍል፣ ላከራይ ብሎ እንዳያስቸግራት።

ሦስተኛ፣ ቤሌ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሱቅ ለልጄ ለአገርነሽ ይሁን። ባሏን ተከትላ ቤሌ ስትገባ ሱቁ ተዘግቶ አቧራ ይጠጣ ነበር። ከፍታ ሰው ያስገባችበት እሷ ናት። ታምሜ ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜም ሱቋን ዘግታ መጥታ አስታማኛለች። ሌላ ምክንያት አላበዛም።

አራተኛ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው መጋዘን ከነይዞታው፣ የጭነት መኪናውም ጭምር፣ ለልጄ ለጌታነህ ይሁን። ጌታነህ ሥራ አዋቂ ነው። የሲሚንቶና የብረት ንግዱን በራሱ ጉልበት አቁሟል፤ በዚህ ኮርቼበታለሁ። ከዳቦ ቤቱ ድርሻ ያልሰጠሁት ስለጠላሁት እንዳይመስለው።

አምስተኛ፣ ዳቦ ቤቱ። ግማሹ የፈጠነች ስለሆነ በዚያ አላዝም። የእኔ የሆነውን ግማሽ፣ ከነምድጃው፣ ከነማቡኪያ ማሽኑ፣ ከነስሙ፣ ለሟቹ ልጄ ለባሮክ ሚስት ለህብረት ሰጥቻለሁ። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ አስጽፋለሁ፤ ጸሐፊያችን ሚስጥር ትታገሠኝ።

ባሮክ ህብረትን ሲወድ ቤታችን ታመሰ። እሷ የቦምቤ ልጅ ናት፤ አባቷ በወንጌላውያን ቸርች ሽማግሌ ናቸው። እኛ ደግሞ ከአባት ከአያት ጀምሮ ኦርቶዶክሳውያን ነን። እሷ አልቀይርም አለች፤ ልጄም አልቀይርም አለ። ሁለቱም ግን አንለያይም አሉ። ሽማግሌዎች ብልክባቸው አባቷ መለሱብኝ። ከእኔም ዘመዶች ከቤቴ እግራቸውን ያነሱ ነበሩ። በመጨረሻ ልጆቹ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ። እኔና ፈጠነች የክት ልብሳችንን ለብሰን አብረናቸው ሄድን። ጌታነህ አልመጣም። ያን ቀን የወንድሙን ሠርግ ማጣቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ባሮክ የሞተው ክረምት ላይ ነው። ዳቦ ጭኖ ወደ ቤሌ ሲወርድ መንገዱ አሟልጮት መኪናው ተገለበጠ። ልጃቸው ፀደንያ ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር። አርባው ሲወጣ የህብረት አባት ከቦምቤ መጡና፣ ልጃቸው በወጣትነቷ ባሏ በሌለበት ቤት መቅረት እንደሌለባት፣ ሕፃኗንም ይዛ እንድትመለስ በክብር ጠየቁኝ። እኔም ሐዘን ሰብሮኝ ስለነበር፣ ዳቦ ቤቱን ዘግቼ ለማከራየት በልቤ ወስኜ ነበር። ፈቃዷ ከሆነ ትሂድ አልኳቸው። ያን ጊዜ ህብረት ጓዳ ነበረች። ወጥታ አባቷ ፊት ቆመችና፣

«አባዬ፣ ሥራ አለኝ። ሠራተኞቹ ነገ ጠዋት የሚያስገባቸው ሰው ይፈልጋሉ» አለች።

አባቷ ብዙ ለመኗት። አልሄደችም። በማግስቱ ዳቦ ቤቱን ከፈተች። ነባር ጋጋሪዎቹ ሴት አታዘንም ብለው ጥለዋት ወጡ። እሷ ሻሿን አጥብቃ አስራ ምድጃው ፊት ቆመች። ክንዷ ተቃጠለ፣ ዳቦው ተበላሸ፣ ደንበኛ ተመለሰ። ፈጠነች ሁኔታዋን አይታ፣ ያ እኛ ያፈረስነው ምድጃ ትዝ አላትና ነጠላዋን አስቀምጣ አጠገቧ ገባች። ሁለት ሴቶች ዳቦ ቤቱን አስነሱት። እኔ የተነሣሁት ከእነሱ በኋላ ነው።

የዚያ ወር ሃያ አንድ ሲደርስ አልጋ ላይ ሆኜ ቀኑን ስቼ ነበር። አመሻሹ ላይ የንስሐ አባቴ ቄስ መክብብ፣ እዚህ የተቀመጡት፣ ሊጠይቁኝ መጥተው ዳቦው እንደወትሮው በጊዜ መድረሱን ነገሩኝ። አላመንኩም። ህብረትን ጠርቼ ማን እንዳዘዛት ጠየቅኋት።

«ማንም አላዘዘኝም፣ አዋ» አለችኝ። በእኛ በወላይትኛ አዋ ማለት አባት ነው፤ እስከ ዛሬ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም። «ባሮክ ሲልክ አይ ነበር። ሰዎቹ ደጅ ላይ ይጠብቃሉ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ያንን ዳቦ የምትጋግረው እሷ ናት። እሑድ እሷ ወደ ቸርቿ፣ እኛ ወደ ቅዳሴያችን እንሄዳለን፤ ከሰዓት በአንድ ገበታ እንበላለን። ጊፋታም ሲመጣ ዘመን የምንለውጠው አብረን ነው።

ባለፈው ክረምት ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ጌታነህ የዳቦ ቤቱን ቦታ ለሆቴል የሚፈልግ ሰው ይዞ ሄደ። ሠራተኞቹን ሰብስቦ ሌላ ሥራ እንዲፈልጉ ነገራቸው። ህብረት አልተጣላችውም። «አዋ ከሆስፒታል ሲመለስ እሱ ራሱ ይንገረን፤ እስከዚያ እሳቱ አይጠፋም» ብላው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አልጋዬ አጠገብ በየቀኑ ስትመጣ አንድ ቃል አልነገረችኝም። የሰማሁት ከፈጠነች ነው፣ ያውም ቤት ከገባሁ በኋላ።

በዚህ ሳምንት ጌታነህን ጠርቼ ሐሳቤን ነገርኩት። በመጀመሪያ ስለ ትርፍ ተናገረ፤ ትርፉን በተመለከተ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ የልቡን አወጣው።

«አባዬ፣ ሰው ምን ይላል? የማርያም ዳቦ ከጴንጤ እጅ ሊወጣ ነው?»

«እስከ ዛሬ ከማን እጅ ሲወጣ ነበር?» አልኩት።

እንግዲያውስ ተጠምቃ ወደ እኛ ከመጣች ይሰጣት፣ ካልሆነ ይቅር የሚል ቃል እንዳስገባ ለመነኝ። ይህን አላደርግም። ወደ እናት ቤተ ክርስቲያን እንድትመጣ እጸልያለሁ፤ አልሸሽገውም፣ ለራሷም ነግሬያታለሁ። እሷም እንደምትጸልይልኝ ነግራኛለች። በዳቦ ቤት ተገዝታ የምትመጣ ነፍስ ግን ለጌታዬ አላቀርብለትም፤ እንዲህ ያለ ስጦታ ይዤ ፊቱ መቆምን እፈራለሁ። ስለዚህ በዚህ ስጦታ ላይ ምንም ቅድመ ሁኔታ የለም። ብትፈልግ ድርሻዋን ትሽጠው፣ ብትፈልግ ታከራየው፤ የራሷ ነው።

ስድስተኛ፣ ይህኛው ውርስ አይደለም፤ የአባት ልመና ነው። በየወሩ በሃያ አንደኛው ቀን ዳቦውን ህብረት ጋግራ ከሰጠች፣ ተሸክሞ ደጀ ሰላም የሚያደርሰው ጌታነህ ይሁን። ሠራተኛ አይላክ። ከዳቦ ቤቱ በር ከእጇ ተቀብሎ ይሂድ። ይህን ባያደርግ ከመጋዘኑም ከመኪናውም የሚቀነስበት የለም። አባቱ እንደለመነው ብቻ ይወቅ።

ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ የለም፤ አለ የሚል ቢነሣ ሐሰት ነው። ይህን ቃሌን ለማፍረስ ፍርድ ቤት የሚሄድ ልጅ ቢኖር መብቱ ነው፤ ነገር ግን ከመሄዱ በፊት እናቱን ዓይን ዓይኗን እያየ ይንገራት።

ልጆቼ፣ ተዋደዱ። እንዋደዳለን ብላችሁ በስልክ ብቻ አትብቃቁ፤ እየመጣችሁ ብሉ።

የጸሐፊዋ ማረጋገጫ፦ ከላይ የተጻፈው ለተናዛዡና ለምስክሮቹ በአማርኛ፣ ለወይዘሮ ፈጠነች ደግሞ በወላይትኛ ጭምር በአንድ ላይ ተነቧል። ተናዛዡ ቃሉ የራሳቸው መሆኑን አረጋግጠዋል። ልጃቸው አቶ ጌታነህ ሶርሳ ወራሽ በመሆናቸው በምስክርነት አልተቆጠሩም። ተናዛዡ ከመፈረማቸው በፊት የሚናገረው ካለው ይናገር ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። አቶ ጌታነህ ወር በገባ በሃያ አንድ ዳቦው ከምድጃ የሚወጣው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። ተናዛዡም፣ «እኔ አላውቅም። ሄደህ እሷን ጠይቃት» አሏቸው። አቶ ጌታነህ ተነሥተው ወደ ዳቦ ቤቱ ወጡ። ተናዛዡ ይህም እንዲጻፍ አዝዘው ፈርመዋል።

ምስክሮች፦
ቄስ መክብብ ዘውዴ፣ ፈርመዋል
አቶ ቦጋለ ዳና፣ የእድሩ ሰብሳቢ፣ ፈርመዋል
ወይዘሮ ዓመለወርቅ ሽፈራው፣ ጎረቤት፣ ፈርመዋል
አቶ ጦና ላሊሞ፣ ጎረቤት፣ ፈርመዋል

ጸሐፊ፦ ሚስጥር ዳንቻ

ተናዛዥ፦ ሶርሳ ቦልቴ፣ በገዛ እጁ ፈርሟል