ወንድሜን በእንግሊዝኛ ላፋጠጡት የፈረንሳይኛ ተቆርቋሪ

ለክብርት ዐቃቤ ሕግ ማዳም ጊሌን ቴሪዮ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉሮሮዎስ ደህና ነው? ይህን መጠየቄ፣ በመስከረም በደብራችን አዳራሽ «ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የመዳኘት መብት አለው» እያሉ እስኪያልብዎ ሲያስተምሩን እዚያው ስለነበርኩና፣ በወንድሜ በኦቪላ ችሎት ላይ ግን ፈረንሳይኛዎ ድንገት ስለጠፋብዎ ነው። ዕድሜዎን ወንጀለኛ ሲያሳድዱ የኖሩ፣ ስንት የሕግ ተማሪ ያፈሩ፣ በካናዳ ለሰሜን ኦንታሪዮ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የሕግ አገልግሎት ኃላፊ የሆኑ ሴት ቋንቋቸው ሲጠፋ ማን አይደነግጥም?

አንደኛ፦ ችሎቱ በፈረንሳይኛ እንዲሆን ተፈቅዶ፣ በፈረንሳይኛ ተጀምሮ ነበር። ዳኛው የእኛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ፣ ጠበቃው የእኛው፣ እርስዎ የእኛው፣ ከሳሹ ጎረቤታችን ኮንራ ሳይቀር የእኛው። የችሎቱ ዘበኛ እንግሊዛዊው ዋልተር በሩን ከፍቶ ሲገባ ግን ሁላችሁም በአንድ አፍ ወደ እንግሊዝኛ ዞራችሁ። አልፈርድም፤ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከገባ ሠርጉንም ለቅሶውንም በእሱ ቋንቋ የምንጨርስ፣ ይሉኝታ ያጠፋን ሕዝብ ነን።

ሁለተኛ፦ ኦቪላ እንግሊዝኛ አያውቅም። በረዶ ላይ በሚነዳው ሞተሩ፣ በረጋው ሐይቅ ላይ የቆመውን የኮንራን የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ የገጨው፣ የኮንራን ውሻ ላለመርገጥ ብሎ ነው። እርስዎ «ሆን ብለው ነው?» ሲሉት ግን ምን እንደተጠየቀ ሳይገባው፣ ወይዘሮ ስታናግረው ዝም ማለት ነውር ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በአፉ የጠፋ ብዙ ነው፤ ራሱን ነቅንቆ የጠፋ ግን ወንድሜ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ኮሪደር ላይ «አንቺ ፍሎረት፣ ምን አምኜ ነው የወጣሁት?» አለኝ። «ሆን ብዬ ገጨሁ ብለህ» አልኩት። መንጃ ፈቃዱን ከተነጠቀ ግንድ የሚያመላልስበት የጭነት መኪናው ቆመ ማለት ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቅም። ተናድጃለሁ ክብርት ሆይ፣ እጅግ ተናድጃለሁ!

ስለዚህ ማክሰኞ ችሎቱ ሲቀጥል፣ ያንኑ ጥያቄ በአዳራሹ ባስተማሩን ቋንቋ እንዲደግሙለት በትሕትና እለምናለሁ። ስለ ትምህርቱም አመሰግናለሁ፤ ኦቪላ ቆሞ አጨብጭቦልዎት ነበር።

ማክሰኞ ከፊተኛው ወንበር የማትታጣው አድናቂዎ፣
ፍሎረት ሌቬዬ

ማስታወሻ፦ ዋልተርን መንገድ ላይ አግኝቼ የልቤን ነገርኩት። ምስኪን ደንግጦ፣ ጥርት ባለ ፈረንሳይኛ «እሜቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ሚስቴ ከእናንተው ናት፤ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ትንፍሽ አልልም» አለኝ። ማክሰኞ አስተርጓሚ ካስፈለገዎ ፈቃደኛ ነው።