ሰርተፍኬት የተከለከለው የአባባ ድምፅ

ዓርብ፣ ጥር 20

ዛሬስ አንጀቴ አርሯል። የአባቴን፣ የአባባን፣ የጸሎት ቅጂዎች ያስቀመጥኩበትን ድረ ገጽ ወደ አዲስ ፕሮክሲ ላዛውር ብዬ ቀኔን በላሁት። ፕሮክሲው የገጹ በረኛ ፕሮግራም ነው፤ ኮንቴይነር በሚሉት የታሸገ የሶፍትዌር ሳጥን ውስጥ ሆኖ እንግዳውን በር ላይ ይቀበላል፤ የደኅንነት ሰርተፍኬቱንም ራሱ ጠይቆ ያመጣል። እኔ ደደቡ ግን ያመጣውን ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚያስቀምጥበት ቦታ አልሰጠሁትም። አንድ መስመር ባስተካከልኩ ቁጥር ኮንቴይነሩን አጥፍቼ እንደገና ስሠራው ሰርተፍኬቱም አብሮ ይጠፋል፤ እሱም ሌላ ይጠይቃል። በመጨረሻ ሰርተፍኬት ሰጪዎቹ «አበዛህ፣ ከሳምንት በኋላ ተመለስ» አሉኝ።

ወዲያው ጎንደር ያሉት አክስቴ፣ የአባባ እህት፣ ደወሉ። ገጹን ቢከፍቱ «አደገኛ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣባቸው። እሑድ የአያቴ ሙት ዓመት ነው፤ የአባባን ጸሎት ሊያሰሙ ዘመድ ጠርተዋል። ምን ልበላቸው?

አባባ ለሻባት፣ ለቅዳሜ ሰንበት፣ ነጭ ለብሰው ከክፍላቸው ወጡ። «ምን ያስጮህሃል?»

«ገጹ እውነት የእርስዎ መሆኑን የሚመሰክር ሰርተፍኬት ከለከሉኝ! ሳምንት ጠብቅ ይሉኛል!»

ሳቁብኝ። «ሳምንት? እኔ ወደ እስራኤል ለመምጣት ‹ቤተ እስራኤል መሆንህን የሚመሰክር ወረቀት አምጣ› እየተባልኩ ጎንደር ላይ ፀጉሬ ሸበተ። አክስትህ ዛሬም እዚያው እየጠበቀች ነው።»

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

«በል ሻባት ሳይገባ ለአክስትህ ደውልና ንገርልኝ፤ እሑድ በስልክ እጸልይላቸዋለሁ። እህቴ ድምፄን ያለ ወረቀት ታውቀዋለች።»