ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት ማግኔት

ሰኞ
ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ከሰባተኛ ሰፈር አሮጌ ብረት ወደምነግድበት ምን አለሽ ተራ ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ። ብረትን ከነሐስ የምለይበት ማግኔት ዛሬም ከእጄ አልወጣም። ጽሕፈቴም ከነስህተቱ ይነበባል።

ልጄ ሰሚራ ምሳ ይዛልኝ ተራው ድረስ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ምን ላይ እንደምትሠራ ጠየቅኳት። «ማግኔትን በብርሃን ማዘዝ ነው አባዬ» አለች። ሰው እየሰማ፣ «አርባ ዓመት ማግኔት የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ውሸታም!» አልኳት። ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች።

ማክሰኞ
ልክ መሆኔን ላሳያት ከአሮጌ እስፒከር የነቀልኩትን ማግኔት ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ምስማሩን እንደ ድሮው ሳበ። ጎረቤቴ ከድር፣ «ጋሼ ሰይድ፣ በርበሬ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ግድ አልሰጠኝም። ደውዬ ነገርኳት። «ሐሙስ ሥራዬን መምህራኑ ፊት አቀርባለሁ። እርስዎም እንዲመጡልኝ ነበር ሐሳቤ። ይቅር» ብላ ዘጋችው።

ረቡዕ
ጠዋት ሳህኑን ልትወስድ መጣች። ተቀመጪ አልኳት። «እሳት ማግኔትን ሲገድል አውቃለሁ። ፀሐይ ግን አልገደለችውም።»

«መግደል አይደለም አባዬ።» ሁለት ቆርቆሮ አነባበረች። «የኔው እንዲህ ድርብርብ ነው፤ ግን እያንዳንዱ በዓይን የማይታይ ስስ። ውስጡ ኤሌክትሪክና ማግኔት እንደ በሬ ተጠምደዋል። የሌዘር ብልጭታ ኤሌክትሪኩን ሲነካው ማግኔቱም አብሮ ይዞራል። የእርስዎ ማግኔት ውስጥ ያ ጥማድ የለም።»

ምን ይጠቅማል አልኳት። «ስልክዎ ሲሠራ ይግላል አይደል? ይሄ ከሰመረ የኤሌክትሪኩን ሥራ ብርሃን ይሠራዋል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል። ገና እየተሞከረ ነው።»

ወሎ በሬ ጠምጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ገባኝ። «ገባኝ» ግን አላልኳትም። ሳህኗን ይዛ ሄደች።

ሐሙስ
ከድር «ሽማግሌ ልሁንልዎ» አለኝ። እምቢ አልኩ። በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት ነው የምመልሰው። የተራውን ሰው ሰብስቤ «ልጄ እውነቷን ነው፤ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ» አልኩ። ከድር እንኳን አልሳቀም። እሷ ግን አልነበረችም።

ንጹሕ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ወደ ዩኒቨርሲቲው ልሄድ ነው። ይግቡ ትበለኝ ይመለሱ አላውቅም። ያለብኝ ዕዳ ይሄ ነው፤ ማንም አይከፍልልኝም፦

ለሰሚራ፣ «ውሸታም» ያልኩትን።
ደግሞ ለእሷ፣ ትናንት የዋጥኩትን «ገባኝ»።
ለሟች እናቷ፣ አስተምራታለሁ ያልኩትን። አስተማርኳት። ያወቀችውን መስማት ግን ይቀረኛል።