ስሟን አልጠራሁም

ጥቅምት 25
የካምፑ ክሊኒክ የሥልጠና ክፍል ዛሬም እሳት ነበር። ለሠልጣኞቹ የነርስና የታካሚ ግንኙነት ንድፈ ሐሳብ አስተማርኩ። መጀመሪያ እንግዳ ለእንግዳ፣ ከዚያ መተማመን፣ ከዚያ አብሮ መሥራት፣ በመጨረሻ መለያየት። አልገባቸውም፤ ያዛጋሉ። ምሳሌ ሰጠሁ... በወድ ኤል ሒለው በኩል ወደ ሱዳን ስትሰደድ መንገድ ላይ የወለደች፣ ልጇ የሞተባት፣ ከዚያ ወዲህ ሽንቷ አልቆም ያላት ሴት። ከሰው ተደብቃ ስትኖር እየሄድኩ አጠገቧ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። በመጨረሻ ነገረችኝ። አሁን ገዳሪፍ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላት።

ሁሉም ነቅተው አዳመጡ። ከሠልጣኞቹ ሸዊት ብቻ አንገቷን ደፋች። የሴትዮዋን ስም አልጠራሁም። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ጥቅምት 28
መብርሂት ክሊኒክ አልመጣችም። ገዳሪፍ የሚወስዳት መኪና ነገ ነው። ረስታው ይሆን? ይህ እንዴት ይረሳል...

ጥቅምት 29
ሾፌሩ ሙዳሲር ጠበቀልኝ። "ያላ፣ እንሂድ ሲስተር፣ ፀሐዩ መጣ" አለ። ያለ እሷ ሄደ።

ቤቷ ሄድኩ። በሩን አልከፈተችልኝም፤ ከውስጥ ሆና ነው ያናገረችኝ።

"ውሃ መቅጃው ጋ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከእኔ አራቁ።"

"ስምሽን አልጠራሁም፣ መብርሂት።"

"በዚያ መንገድ መጥታ፣ ወልዳ፣ ቀብራ የመጣች ሌላ ማን አለች እዚህ?"

በሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

"እናቴ ስትደውል ደህና ነኝ ነው የምላት። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።"

ይቅርታ አልኳት። "ሂጂ" አለችኝ።

ኅዳር 2
ማሳየት የፈለግሁት ምኑን ነበር? ንድፈ ሐሳቡን? ወይስ ራሴን... እዩኝ፣ ጎበዝ ነርስ ነኝ?

ኅዳር 4
ክፍል ገብቼ ነገርኳቸው። "ባለፈው ምሳሌ ያልኳችሁ የሰው ምስጢር ነው። ማውጣት አልነበረብኝም።" አንዳቸውም ቀና አላሉም። ለጎረቤት ያወሩትም፣ ዝም ያሉትም።

ሸዊት ወደ ኋላ ቀረች። "ጎረቤቴ ናት፣ ሲስተር። እኔ ላናግራት?"

ሂጂ አልኳት። ይቅርታዬን አድርሽልኝ ልላት ብዬ ተውኩት። ይቅርታ በሰው ይላካል?

ኅዳር 11
ሌላ ቀጠሮ ተገኘ። መብርሂት ከሸዊት ጋር ሄደች። መኪናው ጋ ቆሜ ነበር። ስታየኝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔም ገለል አልኩ። አብሬያት መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ...

ኅዳር 24
ሸዊት ተመለሰች። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል፤ መብርሂት እስክታገግም እዚያው ትቆያለች። ተመስገን።

"እኔን አነሳች?" አልኳት።

"አንስታሻለች፣ ሲስተር።"

"ምን ብላ?"

"ለማንም አልናገርም ብያታለሁ።"

ፊቴ ጋለ። ደግሜ አልጠየቅኋትም።

ከምሳ በኋላ አንዲት ሴት ልትመረመር ገባች። ሠልጣኞቹ እንደ ወትሮው ተከትለዋት ሊገቡ ሲሉ "ቆይ፣ መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት" አልኩ። ካንቺ ጋር ብቻዬን ብሆን ይሻለኛል አለች። በሩን ዘጋሁት።