ስምንት ወር ያለ ተራው የሰማሁት ሙዚቃሽ

ለምወድሽ እህቴ ለሚጣዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ ሲበርድ የሚነሳብሽ ሳል እንዴት ነው? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃውን ይወጣላታል ወይስ ዛሬም ከታች ሆና ነው የምትጣራው? አባባስ እንዴት ናቸው? አሁንም ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አንቺን "ድምፅ ቀንሺ" ይሉሻል? አክስታችንስ ደኅና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ሆዴ ትንሽ ገፋ ብሏል፤ እሱም የደኅና ነው።

አሁን ቁጭ በይ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደ ወትሮው ደብዳቤ የሚጽፍልኝና የሚያነብልኝ ጸጉር አስተካካዩ አይደለም፤ እኔ ራሴ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። የማታ ትምህርት ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። አስተማሪያችን "እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም" ብላኛለች። በምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ለምን ብዬ ደስታዬን አበላሻለሁ። በንባብ ከክፍላችን አንደኛ ነኝ፤ እርግጥ ሁለቱ ጎበዞች ሥራ ቀይረው ሄደዋል። ዛሬ መንገድ ላይ የማላነበው ነገር የለም። "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" የሚለውን ጮክ ብዬ ሳነብ ሥሩ የቆመው ሰውዬ ደንግጦ ሱሪውን አበላሽቷል። ፊደሌ ከተንቀጠቀጠብሽ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ አጭር ነው። ለምን እንደሚወዛወዝ ኋላ እነግርሻለሁ፤ ነገሩ ካንቺ ጋር ይያያዛል።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለማንም ሳልሰጥ ራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው፤ አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። እንዲህ ትያለሽ፦ "ወንድም ጋሼ፣ የሐውስ ሚክሱን ሲዲ፣ ያንን ዘፈን ከዘፈን ያያያዝኩበትን፣ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ የላክሁት ለአንተ ነበር። ከሽፋኑ ጀርባ እንደጻፍኩልህ አድርገህ ሰምተኸው ዘይት ያጣ በር ይመስላል ካልክ፣ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ወሩ ሲያልቅ የዲጄ መሣሪያውን ላስተማረኝ ሰውዬ መልሼ እኔም እንደ ሰው እሆናለሁ።" እንደ ሰው እሆናለሁ ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ ባልቻልኩ ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ። ሲዲው እንደደረሰኝ ስልክ ደውለሽ "የጻፍኩልህን አነበብከው?" አልሽኝ። "ሁለቴ" አልኩሽ። አላነበብኩትም። ያኔ ፊደሉን ከጌጡ መለየት አልችልም ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ እንዳልወስደው፣ ያ ሰው ደብዳቤ ሲያነብ ለተራ ጠባቂው ሁሉ ነው የሚያነበው። ባለፈው ስለ አባባ ሆድ ድርቀት የጻፍሽውን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ መድኃኒት የነገሩኝ አራት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የወረቀት ሽፋኑን አጥፌ ከጠረጴዛው አጭር እግር ሥር ወሸቅኩት። ልኩ ነበር።

ሲዲውን የሰማሁት ደግሞ ሥራ ቦታ ነው። የሆቴል አንሶላ የምናጥብበትን ቤት ነግሬሻለሁ፤ ማጠቢያ ማሽኖቹ ከወዲያ፣ መተኮሻው ከወዲህ፣ መጨረሻ ላይ እኔና እትዬ ቁጥብ ቆመን የተተኮሰውን ለሁለት ይዘን እናጥፋለን። እትዬ ቁጥብ የምንላቸው እማዬን የሚያህሉ፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማያወጡ ሴት ናቸው። መደርደሪያው ላይ አንድ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ አለ። የእህቴ ሥራ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ከፈትኩት። አንዱ ዱም ዱም ሲል ይቆይና ቀጥ ይላል፤ ሌላው ከመሃሉ ይጀምራል፤ ልያዘው ስትይ እሱም ቀጥ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚሄድ ሻለቃ የምንለው አለቃችን "ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?" እያለ ሮጦ መጣ። እትዬ ቁጥብ "የታመመው ሰው ነው ዕቃ?" ብለው የዕለቱን ቃላቸውን በዚያው ጨረሱ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ከሚሳቅበት ከምሆን ከሚስቀው ልሁን ብዬ፣ ስትደውዪ እነሱ እየሰሙ ያንን የበር ነገር አልኩሽ። አንቺ ዝም አልሽ። ሳቃቸው በዝቶ ስለነበር ዝምታሽን የሰማሁት ገና አሁን፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ነው።

ያኔውኑ ጠረጴዛውን አንስቼ ሽፋኑን አወጣሁት። እግሩ የቆመበት ቦታ ክብ ሆኖ ቀርቷል፤ ጽሑፍሽ ግን ደኅና ነው። "ወንድም ጋሼ፣ ይሄ አሥራ አንድ ዘፈን ሳይሆን አንድ መንገድ ነው። ክፍልህን አጨልመህ፣ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ በተራው፣ ሳታቋርጥ ስማው። መጨረሻውን ታውቀዋለህ።" በተራው የሚለው ላይ ስደርስ ማጫወቻው ላይ የሚበራው ቁጥር ትዝ አለኝ። ሰባት ይላል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አሥር። ቁጥር ድሮም አውቃለሁ፤ ማሽኑ የራሱ ብልጠት ያለው መስሎኝ ነበር። የሌሎቹ ሲዲዎች ዘፈን ለየብቻ ስለሆነ ተራው ቢዛባ ማን ያውቃል? ያንቺ ግን አንዱ ከሌላው ሆድ የሚወጣ ነው። በማግስቱ ለጎረቤታችን ሬዲዮ ጠጋኝ ባሳየው አንዲት ቁልፍ ነካ አደረገና "ይኼ እኮ እንዳሻው እየመረጠ እንዲያጫውት ተደርጓል። ማነው የነካካው?" አለኝ። የሳሙና ዱቄት ስጠርግ በክርኔ የተጫንኩት እኔ ነኝ። "ሻለቃ ነው" አልኩት።

እሑድ ማጫወቻውን አስፈቅጄ ወደ ክፍሌ ወሰድኩት። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ሠራሁ። መጀመሪያ አንድ ከባድ ነገር ሲዘጋ ተሰማኝ። ከዚያ ዱም ዱም ብቻ፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ። ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው እያልኩ ግድግዳው ላይ አፈጠጥኩ። ቆይቶ ከወለሉ በታች ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ መጣ፤ በጆሮ ሳይሆን በሆድ የሚሰማ። ከዚያ እንደ አሸዋ የምትንሿሿ ቀጭን ድምፅ። ስትገባ አላየኋትም፤ ሳያት ግን ከገባች ቆይታለች። ዘፈኑ መቼ ይጀምራል ማለቴን እንደተውኩ ያወቅኩት ያኔ ነው። የዘፈኖቹ መጋጠሚያ ላይ ልይዝሽ አድብቼም ነበር። የኔ ዓይን ከአንሶላ ላይ ስፌት አያመልጠውም፤ ያንቺ ስፌት ግን አመለጠኝ። ቁጥሩ አራት ሲል ሦስተኛው ገና ያላለቀ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ጨለማ ነው ይሉታል አይደል? ልክ ናቸው፤ ግን የሚያስፈራ ጨለማ አይደለም። ከፀሐይ ወደ አንሶላ መጋዘናችን ስትገቢ መጀመሪያ ምንም አይታይሽም። ትንሽ ስትቆሚ መደርደሪያው ይመጣል፣ ከዚያ ነጩ ክምር፣ ከዚያ እጥፋቱ ሳይቀር። መብራት ያበራ የለም፤ ዓይንሽ ነው የለመደው። ሙዚቃሽም እንደዚያ ነው። ያው ነገር የሚደጋገም የመሰለኝ ጆሮዬ ስላልለመደ ነው። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሙሉ ስለራሴ አንድም ነገር ሳላስብ ተቀመጥኩ። ስለምታውቂኝ ተአምር መሆኑ ይገባሻል።

አሥራ አንደኛው ላይ ሁሉም አንድ በአንድ እየወጣ ሄደ። አሸዋዋ፣ ቤዙ፣ በመጨረሻም ዱምታው። አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚጎተት ድምፅ ብቻ ቀረ። ስምንት ወር ሙሉ ቁርጥራጩን እየሰማሁ የሳቅኩበት ነው። በር ነው። የግቢያችን በር ነው። ግማሹ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ የሚቀጥለው፣ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ከኋላዬ የሰማሁት። አንደኛው ላይ ዘግተሽው አሥራ አንደኛው ላይ ከፈትሽው። ብርድ ልብሱን ሳላነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ውስጥ የሳሙና ዱቄት ገባ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ በእሑድ ግን ሳሙና የለም።

ሰኞ ሥራ ቦታ በተራው ከፈትኩት። አንሶላ ሲታጠፍ ሁለት ሰው ይቀራረባል፣ ጫፍ ለጫፍ ይገናኛል፣ ይራራቃል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ እኔና እትዬ ቁጥብ እግራችን ከዱምታው ጋር መግጠሙን ሁለታችንም አወቅን። ከምሳ በኋላ እሳቸው "አሁንስ መንገዱን ያውቃል" አሉ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ገና ሽርጣቸውን ሳያስሩ "ያን ጨለማውን ክፈተው" ብለውኛል። ሻለቃም ከኋላው ያጣመራት ጣቱ ትመታለች፤ እሱ አያውቅም፣ እኛ እናያለን።

ሚጣዬ፣ መሣሪያውን አትመልሺ። ያኔ የፈረድኩት ሳልሰማ ነው፤ አነበብኩ ያልኩሽም ውሸት ነው። ለምን አልደወልክም እንዳትይኝ፤ በስልክ ዋሽቼሻለሁ። እጄ ግን ገና የሰባት ወር ተማሪ ነው፤ መዋሸት ላይ አልደረሰም። ወሩ ሳያልቅ እንዲደርስሽ ነገ በጠዋት ፖስታ ቤት ነኝ። እንደ ሰው መሆን ያልሽውም፣ ሰው እኮ ነሽ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ልጅሽ በገዛ እጁ ጻፈ ብለሽ ፊደሌን አሳያት፣ መንቀጥቀጡን በጠረጴዛው አሳብቢ። ሽፋኑን መልሼ አልወሸቅኩትም። አክስታችንን ሰላም በይልኝ፤ ለአባባ የተነገረኝ መድኃኒት አራት ዓይነት ስለሆነ ትምረጥላቸው። አባባን እጃቸውን ሳሚልኝ። የግቢውን በር ዘይት ልቀባው ካሉ ግን እንደምንም ብለሽ አዘናጊያቸው። መጥቼ እስክከፍተው እንዳለ ይቆይ።

ወንድምሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከክፍሌ
ጥቅምት ፲፱ ቀን